ደጅ ጠኚ ወይስ ተማሪ?

በትምህርት ቤታችን 60ኛ ዓመት በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



 የሚናገረው አንድ ሰው ቢሆንም ንግግሩን ያዘጋጀነው ብዙ ሆነን ነው፤ ስለዚህ «እኛ» እያልን ስንናገር ራሳችንን ከፍ ለማድረግ የፈለግን እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም በአንዳንድ ነገር ላይ እርስ በርሳችን አልተስማማንም፤ ያልተስማማንበትንም ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

ርእሱን የመረጡልን የሥነ ዜጋ መምህራችን ናቸው። በአሜሪካ አገር የኮሌጅ ተማሪዎች ለአንድ መንፈቀ ዓመት ከመማሪያ ክፍላቸው ወጥተው በግዛታቸው መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ እየሠሩ ስለሚማሩበት ሥርዐት አጥንታችሁ ተናገሩ አሉን። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ ደስ አላለንም። በዓሉ የትምህርት ቤታችን በዓል ሆኖ ሳለ የአልባኒና የኦስቲን ወሬ ምን ያደርግልናል ስንል አጕረመረምን። በኋላ ግን ነገሩን እየመረመርን ስንሄድ፥ በዚህ ዓመት ከየካቲት ወር ጀምሮ በራሳችን ላይ ከደረሰው ጋራ የሚገናኝ ሆኖ አገኘነው። የደረሰብንን በስተመጨረሻው እንነግራችኋለን፤ እስከዚያው ታገሡን።

ከሁሉ አስቀድሞ የገዛ አገራችንን ልማድ እናስታውስ። በቀድሞ ዘመን አንድ ወጣት የመንግሥትን ሥራ ለማወቅና ሹመት ለማግኘት የፈለገ እንደ ሆነ ደጅ ይጠና ነበር። ጌታው ሲወጡ እጅ እየነሣ፥ ሲገቡ እየተከተለ፥ ዝናሙንና ፀሓዩን ታግሦ ወራትና ዓመታት ከደጅ ይቆማል። ከደጅ ጠኚዎቹ መካከል ብልሁ፥ ችሎት ሲዋል ጆሮውን ከፍቶ ይሰማ ስለ ነበር፥ ሙግትንና ፍርድን፥ የአስተዳደርንም ዘዴ ያለ ደብተር ተምሮ ይወጣ ነበር። ብዙው ግን እግሩ እስኪያብጥ ቆሞ፥ ሹመትም ትምህርትም ሳያገኝ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። እኛም ስለ አሜሪካኖቹ ልማድ ባነበብን ቍጥር ራሳችንን የጠየቅነው ይህንኑ ነው፤ ይህ ነገር ልብሱን የለወጠ ደጅ ጥናት ነውን? ወይስ በእውነት ትምህርት ነው?

የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት 50 ግዛቶች እንዳሏቸው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕገ መንግሥት፥ የራሱ አገረ ገዥ፥ የራሱ ምክር ቤትና የራሱ ፍርድ ቤቶች አሉት። ከኔብራስካ በቀር በ49ኙ ግዛቶች ምክር ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ በቀድሞው በአገራችን አጠራር ሕግ መወሰኛና ሕግ መምሪያ ብንላቸው ነገሩ ይገባችኋል። በዓለም ዜና የሚሰማው የዋሽንግተን ድምፅ ነው፤ ነገር ግን ልጁ የሚማርበትን ትምህርት ቤት፥ ሰውየው የሚነዳበትን መንጃ ፈቃድ፥ ወንጀለኛው የሚታሰርበትን ወህኒ ቤት፥ ከከተማ ወደ ከተማ የሚያደርሰውን መንገድ አብዛኛውን የሚመለከተው የግዛቱ መንግሥት ነው። እኛም ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ በክልል የተዋቀርን፥ ዛሬም 12 ክልሎች ያሉን ስለ ሆንን፥ ይህ አነጋገር እንግዳ አይሆንብንም።

እንግዲህ ከ50ዎቹ አንዱን፥ ኒው ዮርክን እንውሰድ። የግዛቱ ዋና ከተማ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ትልቁ የኒው ዮርክ ከተማ አይደለም፤ ከእርሱ ወደ ሰሜን በሐድሰን ወንዝ ዳር ያለው አልባኒ ነው። ምክር ቤቱ የሚሰበሰብበት ታላቅ የድንጋይ ሕንፃ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1867 ተጀምሮ ያለቀው በ1899 ነው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ በሕግ መምሪያው 150፥ በሕግ መወሰኛው 63 እንደራሴዎች ይሰበሰባሉ። ከሕግ መወሰኛው አባሎች አንዷ እ.ኤ.አ. በ2020 ተመርጠው በ2021 የገቡት፥ የሮቸስተርን አካባቢ የሚወክሉት፥ በትውልድ ሐረጋቸው ከኢትዮጵያ የሚገናኙት ሳምራ ብሩክ ናቸው። ይህን ስናነብ በክፍላችን ውስጥ ትንሽ ጭብጨባ እንደ ነበረ አንደብቅም።

የምክር ቤቱ ስብሰባ የሚከፈተው በጃንዩዌሪ ወር ነው። በዚያው ወር ከልዩ ልዩ ኮሌጆች የተመረጡ፥ አብዛኞቹ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት የሆኑ፥ ቍጥራቸው እስከ 150 የሚደርስ ተማሪዎች ወደ አልባኒ መጥተው ለሕግ መምሪያው ይመደባሉ፤ እስከ ሜይ ወርም ይቈያሉ። እያንዳንዱ ተማሪ በአንድ እንደራሴ ጽሕፈት ቤት ወይም በአንድ ኮሚቴ ውስጥ ሥራ ይሰጠዋል። ለኑሮው የሚሆን አበል ይከፈለዋል። ከሥራውም ጋራ በዚያው የሚኖሩ ፕሮፌሰሮች ስለ ግዛቱ መንግሥት አሠራር ያስተምሩታል፤ ጽሑፍ ያስጽፉታል፤ ይፈትኑታል። ኮሌጁም ይህን እንደ ሙሉ ትምህርት ቈጥሮ ስለሚይዝለት ተማሪው ከጓደኞቹ ወደ ኋላ አይቀርም።

ሥራውስ ምንድን ነው? መጀመሪያ ነገር ደብዳቤ ነው። ከመራጩ ሕዝብ በየቀኑ ደብዳቤና ስልክ ይመጣል። የልጅዋ ትምህርት ቤት አውቶቡስ የቀረባት እናት፥ ከቤቱ በር ያለው መንገድ የተሰነጠቀበት ሽማግሌ፥ ግብር የከበደው ባለሱቅ፥ ሁሉም ለእንደራሴያቸው ይጽፋሉ። ተማሪው ደብዳቤውን አንብቦ፥ ጉዳዩ የማን መሥሪያ ቤት እንደ ሆነ ለይቶ፥ መዝግቦ፥ የመልሱን ረቂቅ ያዘጋጃል። ይህ ቀላል ይመስላል። ግን ሕዝብ ምን እንደሚያስጨንቀው ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር መጽሐፍ የት ይገኛል?

ቀጥሎ የሚመጣው ረቂቅ ሕግ ነው። በምክር ቤቱ በሺህ የሚቈጠር ረቂቅ ስለሚቀርብ አንድ እንደራሴ ሁሉን ማንበብ አይችልም። ተማሪው ረቂቁን አንብቦ፥ ካለው ሕግ የትኛውን ቃል እንደሚለውጥ፥ ማን እንደሚደግፈው፥ ማን እንደሚቃወመው፥ ስንት ገንዘብ እንደሚያስወጣ በአጭር ወረቀት ጽፎ ያቀርባል። ወደ ኮሚቴው ስብሰባ ገብቶ ያዳምጣል። በመተላለፊያው ላይ ለማኅበራቸውና ለድርጅታቸው ጥቅም የሚከራከሩ ሰዎች እንደራሴዎቹን ሲከተሉ ያያል፤ ይህም ያው ደጅ ጥናት ነው ብለን ተሣሥቀናል። በመጨረሻም ተማሪዎቹ ራሳቸው በእንደራሴዎቹ ወንበር ተቀምጠው፥ በምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ በረቂቅ ሕግ ላይ ተከራክረው ድምፅ የሚሰጡበት የልምምድ ጉባኤ ይደረጋል።

የሚያዩት ሁሉ የሚያስመሰግን አይደለም። የኒው ዮርክ የበጀት ዓመት የሚጀምረው በኤፕሪል 1 ቀን ነው፤ በጀቱም ከዚያ በፊት መጽደቅ ነበረበት። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2004 ድረስ ለ20 ዓመት ያህል በጀቱ በየዓመቱ ሲዘገይ ኖሯል። በእነዚያ ዓመታት የተመደበ ተለማማጅ ተማሪ፥ ትልልቅ ሰዎችም የቤት ሥራቸውን በቀኑ እንደማያስረክቡ በዓይኑ አይቶ ተመልሷል። (ይህን ያልነው ለመምህሮቻችን ምክንያት ለማቅረብ አይደለም።)

በሌሎቹ ግዛቶች ነገሩ እንደየአገሩ ነው። የቴክሳስ ምክር ቤት መደበኛ ስብሰባውን የሚያደርገው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ፥ ጎዶሎ ቍጥር ባለው ዓመት፥ ለ140 ቀን ብቻ ስለ ሆነ፥ ተማሪው ጊዜው ካልገጠመለት ዕድሉ ያመልጠዋል። በኒው ሐምፕሺር ደግሞ ከትንሽ ሕዝብ መካከል 400 እንደራሴዎች በሕግ መምሪያው ተቀምጠው ደመወዛቸው በዓመት 100 ዶላር ብቻ ነው። እንዲህ ባለ አገር ለእንደራሴው ጸሐፊ ከየት ይመጣለታል? አሜሪካኖቹ ተማሪን የሚጠሩት ለጽድቅ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ተረድተናል። ሥራው ብዙ፥ ሠራተኛው ጥቂት ስለ ሆነ፥ ተማሪው ባይመጣ የሚጐድል ነገር አለ። ይህችን ቃል ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ሥራንና ትምህርትን ማጋባት ዛሬ የተገኘ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1901 በዊስኮንሲን ግዛት በማዲሰን ከተማ ቻርልስ ማካርቲ የተባሉ ሰው ለእንደራሴዎቹ የሚያገለግል የሕግ ማመሳከሪያ ቤተ መጻሕፍት አቋቁመው፥ የዩኒቨርሲቲውን ዕውቀት ወደ ምክር ቤቱ አደረሱ፤ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ አንድ ማይል ያህል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ደግሞ በሲንሲናቲ ሔርማን ሽናይደር 27 የምሕንድስና ተማሪዎችን እያፈራረቁ በፋብሪካና በክፍል ማስተማር ጀመሩ። ሌላውን እንዝለለው።

አንድ ታሪክ ግን ልንዘለው አልቻልንም። እ.ኤ.አ. በ1982 በኦስቲን በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ግሬጎሪ ዋትሰን የተባለ የ19 ዓመት ወጣት ለመንግሥት ትምህርት ጽሑፍ እንዲያቀርብ ታዘዘ። መጽሐፍ ሲያገላብጥ፥ እ.ኤ.አ. በ1789 ለግዛቶች ቀርቦ በቂ ድምፅ ያላገኘ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አገኘ። ማሻሻያው የኮንግሬስ አባሎች ደመወዛቸውን ቢለውጡ ምርጫ ሳይደረግ ለውጡ እንዳይጸና የሚከለክል ነበር። የጊዜ ገደብ ስላልተደረገበት ዛሬም ሊጸድቅ ይችላል ሲል ጻፈ። የተሰጠው ማርክ «ሲ» ነበር። ሌላ ተማሪ ቢሆን ተናዶ ይተወዋል፤ እርሱ ግን በየግዛቱ ላሉ እንደራሴዎች ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1983 ሜይን አጸደቀችው፤ በ1984 ኮሎራዶ ተከተለች፤ እንዲህ እያለ በ1992 የሚያስፈልገው የግዛቶች ቍጥር ሞልቶ 27ኛው ማሻሻያ ሆነ። ከቀረበ ከ202 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው ማርኩን ወደ «ኤ» የለወጠለት በ2017 ነው።

ዋትሰን ያን ጊዜ በማንም ጽሕፈት ቤት የተመደበ ተለማማጅ አልነበረም። ታዲያ ለምን አነሣነው ብትሉ፥ ለየትኛው ምክር ቤት፥ ለማን፥ ምን ብሎ እንደሚጻፍ ያወቀ አንድ ተማሪ ምን ያህል እንደሚደርስ ስለሚያሳይ ነው። ከእርሱ 11 ዓመት ቀደም ብሎ፥ እ.ኤ.አ. በ1971፥ እነዚሁ የግዛት ምክር ቤቶች 26ኛውን ማሻሻያ አጽድቀው የመምረጥ መብትን ለ18 ዓመት ወጣት ሰጡ፤ ያኛው የፈጀው 100 ቀን ያህል ብቻ ነው። በአገራችንም ሕገ መንግሥት 18 ዓመት የሞላው ይመርጣል። ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን 18 ሞልቶናል። ነገር ግን ድምፅ ከመስጠታችን በፊት የመንግሥትን መሥሪያ ቤት ውስጡን ያየን ስንቶቻችን ነን?

አሁን ወደ ገንዘብ ነገር እንምጣ፤ በዚህ ላይ ነው የተጣላነው። በአልባኒ አበል ይከፈላል ብለናል። በሁሉም ዘንድ ግን እንዲህ አይደለም። አበል ሳይሰጡ የትምህርት ነጥብ ብቻ የሚያስቈጥሩ አሉ። ይህን በጥሞና አስቡት፤ ተማሪው ለዚያ ነጥብ ለኮሌጁ ክፍያ ይከፍላል፤ እንግዲህ እየከፈለ ይሠራል ማለት ነው። የዋይት ሐውስ እንኳ ለተለማማጆቹ መክፈል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ከመካከላችን አንዱ ወገን «ዕውቀት ለሚፈልግ ገንዘብ ምኑ ነው? ደብረ ሊባኖስ የቅኔ ተማሪ ቍራሽ ለምኖ ይማር አልነበረምን?» አለ። ሁለተኛው ወገን «የቈሎ ተማሪ ቤት ኪራይ አይከፍልም ነበር» ሲል መለሰ። አቤት ክርክር! መምህራችን ደወል ተደውሎ እንኳ ሊያስቆሙን አልቻሉም። ነጻ ሥራ የሀብታም ልጅ ሥራ ነው የሚሉት ወገኖች ያሸነፉት በቃል አልነበረም፤ አሁን በምንነግራችሁ ነገር ነው።

ከዚያ በፊት የእኛም አገር ይህን ሳይሞክር እንዳልቀረ ማወቅ ይገባል። በ1957 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለውን ሥርዐት ጀመረ። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ከአዲስ አበባ ወጥቶ፥ ለኑሮው አበል እየተሰጠው፥ በጠቅላይ ግዛቶች እንዲያገለግል ግዴታ ሆነ። አብዛኞቹ በየአውራጃው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነው ሠሩ፤ ዛሬ በዚህ ከተቀመጡት አያቶቻችን መካከልም በእነርሱ እጅ የተማሩ አሉ። የዘመኑ ወጣት አገሩን በካርታ ሳይሆን በእግሩ ያወቀው በዚህ ነው ይባላል። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ተማሪው በብዙ ሺህ ወደ ገጠር ወጣ፤ ያ ግን ሌላ ታሪክ፥ ሌላም ዋጋ ያለው ስለ ሆነ በዚህ ንግግር አንገባበትም። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ታላላቆቻችን ለልምምድ ሲወጡ «አፓረንት ወጣን» ይላሉ። ምን ሠራችሁ ብለን ስንጠይቃቸው አንዳንዶቹ ብዙ ያወሩናል፤ አንዳንዶቹ ይሥቃሉ።

እንግዲህ የእኛ ነገር። በዚህ ዓመት ትምህርት ቤታችን ለሙከራ ያህል ከክፍላችን 24 ተማሪዎችን መርጦ፥ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ በከተማችን በሚገኙ አምስት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንድንለማመድ አደረገ። ስማቸውን አንጠራም፤ በበጎ ፈቃድ ተቀብለውናልና። በመጀመሪያው ቀን የደንብ ልብሳችንን ተኵሰን፥ ጫማችንን ወልውለን፥ ከቀኑ 8 ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልንና በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን። በሁለተኛውም ቀን ተቀመጥን። በሦስተኛው ሳምንት ወንበሩን እንደ ክፍላችን ዴስክ ለምደነው ነበር። አንዱ ጓደኛችን ሻይ አምጣ ተብሎ ተላከ፤ ሌላው ወረቀት ሊያባዛ ሄደ፤ አንደኛዋን «ፈርሚና ሂጂ፤ ለትምህርት ቤታችሁ እንመሰክርላችኋለን» አሏት። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ምን እንደምናደርግላቸው አላወቁም፤ እኛም ምን እንደምንጠይቅ አላወቅንም። ባለጉዳዮቹ ከእኛ ጋራ በአንድ ወንበር ይቀመጡ ስለ ነበር፥ ደጅ ጥናት ምን እንደ ሆነ ከእነርሱ ተማርን፤ ያም ትምህርት ነው ከተባለ።

ከ24ታችን አንዲት ጓደኛችን ግን መዝገብ ቤት ደረሳት። መዝገብ ቤቱ አቧራ የሞላበት፥ መስኮቱ አንድ የሆነ ጠባብ ክፍል ነው። በዚያ ያሉት ሠራተኛ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው። «ጋሼ፥ ምን ልሥራ?» ብትላቸው፥ «ልጄ፥ ማንበብ ትችያለሽ? እንግዲያው ተቀመጪ» አሏትና፥ ያልተስተካከሉትን ማኅደሮች በባለጉዳዩ ስም፥ በአባቱና በአያቱ ስም እየለየች በተራ እንድታስቀምጥ ሰጧት። እርሳቸውም ከዓይናቸው መነጽር ሳያወርዱ የሠራችውን እያንዳንዱን ያያሉ፤ ከተሳሳተች «ይህ የሰው ቤት ነው፤ ወረቀት እንዳይመስልሽ» እያሉ ይመልሱላታል።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ማኅደር ከማይመስለው ስም ስር ተኝቶ አገኘች። የአንዲት አሮጊት የይዞታ ማረጋገጫ ጥያቄ ነው። ከሌላ ሴት ጋራ ስማቸውና የአባታቸው ስም አንድ ስለ ሆነ፥ የአያት ስም ሳይታይ በዚያኛዋ ማኅደር ውስጥ ገብቷል። ቀኑን ብታየው 14 ወር ሆኖታል። ጓደኛችን ማኅደሩን ይዛ ወደ ውጭ ስትወጣ እኛ ከተቀመጥንበት ወንበር ላይ፥ ነጠላቸውን አጣፍተው፥ ሁልጊዜ ማክሰኞ ማክሰኞ የምናያቸው እማማ ተቀምጠዋል። ስማቸውን ጠየቀቻቸው፤ እርሳቸው ናቸው። ማኅደርዎ ተገኘ ስትላቸው እልል የሚሉ መስሎን ነበር። እርሳቸው ግን ዝም ብለው አዩዋትና «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አሏት። ከእኛም ከሠራተኞቹም የመለሰላቸው ሰው አልነበረም።

ያን ዕለት ማታ ነው ይህን ንግግር እንደ አዲስ መጻፍ የጀመርነው። «ተማሪው ባይመጣ የሚጐድል ነገር አለ» ያልናችሁ ይህንን ነው። 23ታችን ባንመጣ ከሻዩ በቀር የሚጐድል አልነበረም። እርስዋ ባትመጣ ማኅደሩ አይገኝም ነበር። ጕብዝናችን ከእርስዋ አንሶ አይደለም፤ ለእርስዋ ሥራ ተሰጣት፥ የሠራችውንም የሚያይላት ሰው ተገኘ፤ ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው።

የገንዘቡንም ነገር ቃል ገብተንላችኋል። ከ24ታችን መካከል አንድ ጓደኛችን ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ቀረ። ሰነፍ ነህ እያልን ወቀስነው። ኋላ እንደ ተረዳነው ቤቱ ከከተማው ዳር ነው፤ ወደ መሥሪያ ቤቱ መሄጃና መመለሻ የታክሲ ሒሳብ ያስፈልገዋል። እናቱ እንጀራ ጋግረው ለየቤቱ ያስረክባሉ፤ በእነዚያ ሁለት ቀኖች ከሰዓት በኋላ እንጀራውን ያደርስላቸው የነበረው እርሱ ነው። ሦስት ሳምንት የሄደው ምሳውን ትቶ ነው። ይህን ያልነገረን ስላላመነን ሳይሆን ስላፈረ ነው፤ ማፈር የሚገባን ግን እኛ ነበርን። «ገንዘብ ምኑ ነው» ይል የነበረው ወገን ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ወላጆቻችን ስለ ፈተናው የምታስቡትን እናውቃለን። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ተፈታኝ 4 እንኳ አልሞሉም ነበር፤ ያ ወሬ እስከ ዛሬ በየቤቱ ያስፈራል። ስለዚህ «ልጄ በፈተና ዓመት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ይውላል ወይ?» ብላችሁ ርእሰ መምህሩን የጠየቃችሁ አላችሁ። መብታችሁ ነው። ከመካከላችን የሁለት ተማሪዎች የሒሳብ ማርክ በዚህ ምክንያት ዝቅ ብሏል፤ አንደብቅም። ስለዚህ የምንለምነው፥ ሙከራው ከእንግዲህ ወዲህ በ12ኛ ክፍል ሳይሆን በ11ኛ ክፍል እንዲደረግ ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት አምስት ተማሪ ከመላክ ሁለት ብቻ ይላክ፤ ከመሄዳቸው በፊትም ምን እንደሚሠሩና ሥራቸውን ማን እንደሚያይላቸው በጽሑፍ ይታወቅ። የታክሲውንና የምሳውን ወጪ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ቢችል፥ ማን እንደ ተቀበለ ማንም ተማሪ ሳያውቅ ለሁሉም እኩል ቢሰጥ፥ ከ11ኛ ክፍል ማንም አፍሮ አይቀርም። አሜሪካኖቹ አበልና ፕሮፌሰር አላቸው፤ እኛ መዝገብ ቤት ውስጥ ካሉት ጋሼ የሚበልጥ ፕሮፌሰር ስለማናገኝ፥ ጡረታ ሳይወጡ እንድንደርስባቸው እንፈልጋለን።

በአዳራሹ መውጫ በር አጠገብ፥ የእጅ ሥራ በተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ፥ አንድ ደብተር ተቀምጧል። ከእናንተ መካከል በመሥሪያ ቤት ያላችሁ፥ በመጪው ዓመት ሁለት ተማሪ ተቀብላችሁ ሥራ ልትሰጡ የምትፈቅዱ፥ ስማችሁንና ሥራው ምን እንደ ሆነ እንድትጽፉልን እንለምናለን። «ማንኛውም ሥራ» ብላችሁ ግን አትጻፉ። የመጀመሪያውን መስመር የመዝገብ ቤቱ ጋሼ ትናንት መጥተው ጽፈውልናል።

የእማማ ማኅደር ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ከሄደ አራት ሳምንት ሆኖታል። ባለፈው ማክሰኞ ጓደኛችን ሄዳ ጠይቃ ነበር፤ ነገ ተመለሺ ብለዋታል፤ ሄዳለች፤ በመጪውም ማክሰኞ ትሄዳለች።